ዲስኩ አልተከፈተም

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ለመመስከር ፈቃድ የለመንኩት እኔው ነኝ። ደስ ብሏችሁ የምትሰሙት ምስክርነት ላይሆን ይችላል። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር፣ ያላደረገውንም ልናገር ነው የቆምኩት። ከደብረ ብርሃን የመጣችሁ እንግዶች፣ "የአንዲት የመንዝ ሴት ኮምፒውተር በጸሎት ተነሣ፣ ዲዳ እናቷም በዚያው ሰዓት ተናገረች" ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ አልተነሣም። እናቴም በዚያ ሰዓት አልተናገረችም። ስሙ ይባረክ፣ ጌታ የማንም ውሸት አያስፈልገውም።

እዚሁ መሐል ሜዳ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። እናቴ ወይዘሮ አሰለፈች ዕድሜዋን ቀየት በሚባለው መንደራችን ነው የኖረችው። አባቴ ልጅ ሳለሁ ስለሞተ፣ በግ አርብታ፣ የበግ ፀጉር ፈትላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጨዋታ ስታውቅ ለጉድ ነው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እየሄድኩ በስልኬ እቀዳት ነበር። የጓሳ ሜዳ ሣር ለአጨዳ ሲከፈት ሴቶቹ በመንገድ ላይ ምን ይባባሉ እንደነበር፣ አባቴ ሽማግሌ ሲልክ እሷ ጓዳ ተደብቃ እንዴት እንደሳቀች፣ ስትፈትል የምታንጎራጉረውን ሁሉ። ስልኬ ሲሞላብኝ ወደ ላፕቶፔ አዛወርኩት።

ያን ጊዜ የእምነት ሰው አልነበርኩም። በዓል ሲሆን ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፤ ከዚያ ውጭ እግዚአብሔርን የማስበው ለቅሶ ስደርስ ነበር።

አንድ ጠዋት ጎረቤቶቿ ደውለው እናቴ ደጃፏ ላይ መውደቋን ነገሩኝ። ስትሮክ ነበር። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ ምላሷም ተያዘ። ደብረ ብርሃን ወስደናት ያያት ሐኪም፣ ንግግሯ ይመለስ አይመለስ ከአሁኑ መናገር እንደማይችል፣ የሚባለውን ግን እንደምትሰማ አስረዳኝ። "ማናገሩን አታቋርጪ" አለኝ። "የምታውቀውን፣ የለመደችውን ነገር ደጋግማ ትስማ።"

እሷ ደግሞ ከራሷ ድምፅ የበለጠ የምታውቀው ምን አለ? ወደ ቤቴ አመጣኋትና ከሥራ ስመለስ ላፕቶፑን አልጋዋ አጠገብ እከፍትላት ጀመር። መጀመሪያ አለቀሰች። እያደር ግን ከንፈሯ ወሬውን መከተል ያዘ። አንድ ቀን እንጉርጉሮው ጋ ስንደርስ አብራ "እም" አለች። ሐኪሙ ካዘዘላት ኪኒን ሁሉ ይልቅ እኔ የማምነው ያንን ላፕቶፕ ነበር።

እሱም ተበላሸ። እየሰማን ሳለ ድምፁ ተቆራረጠ፣ ከውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር መጣ፣ መስታወቱ ጠቆረ። ባጠፋው፣ መልሼ ብከፍተው፣ ሃርድ ዲስክ የለም ይለኛል። እናቴ በግራ እጇ ወደ ላፕቶፑ እየጠቆመች ትጠብቃለች። ምን ልበላት?

እዚህ ያለው ጠጋኝ ፈትቶ ካየው በኋላ ሌላ ቦታ እንዳሳየው መከረኝ። በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ወሰድኩት። እዚያ ያለው ባለሙያ ዲስኩን አውጥቶ፣ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ብዙ ሞከረ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና እውነቱን ነገረኝ። ውስጡ እንደ ድሮ የዘፈን ሸክላ የሚሽከረከር ነገር አለ፤ የሚያነበው ክፍል ወድቆበት ፊቱን ፍቆታል፤ በከፈትሽው ቁጥር የባሰ ይፍቀዋል አለኝ። አዲስ ዲስክ ቢገባለት ላፕቶፑ ይሠራል፣ ድምፁ ግን አይመለስም። "እህቴ፣ አወጣልሻለሁ የሚልሽ ሰው ቢመጣ እንዳታምኚ" ብሎ ሸኘኝ። ተቀየምኩት። ምን አለ ሰምቼው ቢሆን!

በዚያው ሰሞን ይህ ጉባኤ የጋበዘው አንድ እንግዳ አገልጋይ ወደ ከተማችን መጣ። የሥራ ባልደረባዬ አስቴር፣ ይኸው እዚህ ተቀምጣለች፣ እናትሽን ይዘሽ ነይ ይጸለይላት አለችኝ። እሷ በቅን ልብ ነው። ዲስኩን በቦርሳዬ ይዤ፣ እናቴን ግራና ቀኝ ደግፈን ሄድን። የሰውየውን ስም አልጠራም፤ ከበቂ በላይ ተጠርቷል። ዲስኩን ከእጄ ተቀብሎ ወደ ላይ አነሣና "ተከፍቷል" አለ። ሕዝቡ እልል አለ። ቀጥሎ ማይኩን እናቴ አፍ ላይ ደቀነና በእናቱ ዕድሜ ያለችን ሴት አንቺ ብሎ፣ "ተናገሪ" አላት።

እናቴ ዐይኗ ፈጠጠ። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ምራቋ በአገጯ ወረደ። በነጠላዬ ጠረግኩላት። ሰውየው ማይኩን መለስ አደረገና ለሕዝቡ "የልጅቷ አለማመን ይዟታል" አለ። ወገኖቼ፣ በደዌ ላይ ነውር ይጨመራል? እናትን አዋርዶ የልጅን ልብ መክሰስ የማን ትምህርት ነው?

ቤት ገብተን ዲስኩን መልሼ ገጠምኩት። ያው ቀጭ ቀጭ ነው።

ጥቂት ሳምንታት አልፈው አንዲት መምህርት በስልኳ ቪዲዮ አሳየችኝ። ያ ሰው በሌላ ከተማ መድረክ ላይ ቆሞ፣ ዲስኩ ተከፈተ፣ እናቲቱም "ጌታ ይመስገን" ብላ ጮኸች ይላል። ሕዝቡ ያጨበጭባል።

እሑድ ወደዚህ ጉባኤ መጣሁ። ላመልክ አልነበረም። መዝሙሩ ሳያልቅ ተነሥቼ፣ ያመጣችሁት ሰው ውሸታም ነው፣ እናንተም እያወቃችሁ ታጨበጭባላችሁ አልኩ። አስተናጋጆቹ ሊያስወጡኝ ተነሡ። ሽማግሌያችን ጋሽ ደምሴ ግን ተዉአት ብለው ወደ ፊት ወጡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"እህታችን እውነቷን ነው" አሉ። "ዲስኩ ሲከፈት ማንም አላየም፤ እናቷም አለመናገራቸውን ዐይናችን አይቷል። የጌታ ስም የሚከብር መስሎን ዝም አልን። የከበረ ነገር የለም፤ አንዲት እናት ተዋረዱ እንጂ።"

ከዚያ ወርደው በጉባኤው ፊት ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔ የተዘጋጀሁት ለጠብ ነበር። ለእውነት አልተዘጋጀሁም። ተቀምጬ አለቀስኩ። ክብር ለእሱ ይሁን፣ የማረከኝ ተአምር ሳይሆን ይህ ነው።

በሳምንቱ ጋሽ ደምሴ ከአስቴር ጋር ቤቴ መጡ። እናቴን አንቱ ብለው፣ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ለመኗት። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ በግራ እጇ አማተበችላቸው። በአክብሮት ተቀበሉ። አስቴር ደግሞ በሌላ ቀን የበግ ፀጉርና እንዝርት ይዛ መጣች። መፍተል አትችልም፤ ክሩ ይበጣጠስባታል። እናቴ በአንድ እጇ ስታርማት፣ አስቴር ስለ ውሎዋ፣ ስለ ገበያው ስታወራላት ያመሻሉ። አንድም ቀን ተናገሩ አላለቻትም።

እኔ ግን ገና አልበረደልኝም። ጋሽ ደምሴን፣ ጌታችሁ ካለ የእናቴን ድምፅ ለምን ሁለት ጊዜ ወሰደባት ብዬ ጠየቅኳቸው። "አላውቅም፣ ልጄ" አሉኝ። "ንዴትሽን ግን ለእሱ ንገሪው። ይችለዋል።" እኔም ወጥ ቤት ቆሜ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ጸሎት ጸለይኩ። ጸሎት ከተባለ ነው፤ ክስ ነበር። አንድም አላስቀረሁም። ስጨርስ የሚሰማኝ እንዳለ ዐወቅኩ። እንዴት ዐወቅሽ ብትሉኝ ማስረዳት አልችልም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ "እሺ፣ የአንተ ነኝ" አልኩት። ሃሌሉያ፣ ያን ቀን ነው ጌታን ያገኘሁት።

ካመንኩ በኋላ ቁጥሩን ከጋሽ ደምሴ ተቀብዬ ለዚያ አገልጋይ ደወልኩለት። የተናገርከውን አስተባብል አልኩት። "እህቴ፣ ሰው እንዲያምን ብዬ ነው" አለኝ። ሰው በውሸት ምኑን ነው የሚያምነው? እዚያው እናቴ አልጋ አጠገብ ቆሜ ጮኽኩበት፣ ከአፌ ያልወጣ ነገር የለም። ከኋላዬ የሆነ ሻካራ ድምፅ፣

"በቃሽ" አለ።

ዞርኩ። እናቴ ቀና ብላ ታየኛለች። "በቃሽ" አለች ደግማ፣ እንደ ልጅነቴ ተቆጥታ። ስልኩን ዘጋሁትና እግሯ ሥር ተደፋሁ።

ይህንንም ወስዳችሁ ሌላ ወሬ እንዳታደርጉብኝ። ሐኪሙ ስነግረው፣ በሽተኛ እያነጋገሩት ሲቆይ እንዲህ ሊመጣ ይችላል አለኝ። እኔ ሐኪሙንም፣ አስቴርንም የሰጠኝን ጌታ አመሰግናለሁ። ቅጂው ጠፍቷል፤ አዝኜበታለሁ፣ አሁንም አዝናለሁ። ሰውየው እስከ ዛሬ ቃሉን አላስተባበለም። የምታውቁት ካላችሁ የተናገርኩትን ሁሉ አድርሱልኝ፤ አልክደውም።

ጌታን ግን እመኑት። ያልሆነውን ሆነ ሳትሉ እመኑት፤ የከለከላችሁን ነገር እያለቀሳችሁ እመኑት። እኔን ተናድጄ ስመጣ አልመለሰኝም፣ እናንተንም አይመልስም። እናቴ ዛሬ ጥቂት ቃላት አሏት። "ነይ" ትላለች፣ "ውሃ" ትላለች፣ አስቴርን "አስቱ" ትላታለች። ቤቴ ከገበያው በታች ነው። ኑና አነጋግሯት። መልሱ ቶሎ አይመጣላትም፤ እናንተ ጠብቋት።