ብረትም ድንጋይም

ጋሼ፣ ሸዋሮቢት ቤትዎ የመጣ እንግዳ ሁሉ ከማሽላ ማሳዎ ያገኙትን ያን ከባድ ድንጋይ ሳያነሳ አይቀመጥም ነበር። ማግኔት ሲያስጠጉበት ልጥፍ ይላል፤ የተሰበረ ጎኑን ወደ ፀሐይ ሲያዞሩት በብረቱ መሃል ማር የመሰለ ጠጠር ያበራል። «በሉ ፍረዱ፤ ብረት ነው ድንጋይ?» ይላሉ።

ጂኦሎጂ የተማርኩት የእህትዎ ልጅ፣ «ከሰማይ የወረደ ነው። ብረቱ ኒኬል አለበት፤ የሚያበራው ኦሊቪን የሚባል ማዕድን ነው። ምድቡም ድንጋይ-ብረት ይባላል» ስልዎ፣ «እሰይ፣ የኔም ምድብ እሱ ነው!» ብለው ሳቁ። እናትዎ ክርስቲያን፣ አባትዎ ሙስሊም ነበሩ፤ «ወገንዎ የቱ ነው?» ለሚልዎ ሁሉ ያንኑ ድንጋይ ያሸክሙት ነበር።

ዛሬ ለቅሶዎ ላይ የእናትዎና የአባትዎ ዘመዶች ድንጋዩ ለእኛ ይገባል ተባብለው ሲያበቁ «ለሁለት ይሰንጠቅ» አሉ። ባዶ የቀረው መደብዎ ላይ ድንጋዩን ታቅፌ ተቀመጥኩ።

«መዶሻ ያለው ይምጣ!» አልኩ። «ግን መጀመሪያ ንገሩኝ፤ ጋሼን በየት በኩል ነው የምትሰነጥቁት?»