ለስላሳ ያቀዘቀዙበት ካያክ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ በርዶልኝ አይደለም። አልበረደልኝም። ወንድሜ ቢያነበው ያንብበው፤ አባቴም መነጽሩን አድርጎ ያንብበው።

ነገሩ የሆነው ከመስቀል በኋላ በነበረው ቅዳሜ ነው። ወንድሜ ልጁን ድሮ፣ መልሱን በግቢው ደግሶ ነበር። ቤቱ አባታችን በምድር ባቡር ሲሠራ ያገኘው አሮጌ ቤት ነው፤ ወንድሜ ከነሚስቱ ከአባታችን ጋር ይኖርበታል፣ እኔ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነኝ። የድሬን ሙቀት ለማያውቅ ልንገረው፤ እዚህ አገር ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ ምግቡ ቢያንሰው ይታገሳል፣ ሙቅ ለስላሳ ብትሰጠው ግን ዕድሜ ልክህን ያማሃል። ስለዚህ ደጋሽ ሁሉ በርሜል ለሁለት ያሰነጥቅና በረዶ ሞልቶ ጠርሙሱን ይቀብርበታል። እኔም ሙሽሮቹን ስሜ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ በርሜሉን ፍለጋ ወደ ድንኳኑ ጥግ ሄድኩ። በርሜል የለም። በርሜሉ ቦታ ላይ የአባቴ ካያክ ተጋድሟል።

በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ቀይ ጀልባ ነው፤ ከላይ የተዘጋ፣ ሁለት ሰው የሚቀመጥበት ሁለት አፍ ብቻ የነበረው። አሁን ላዩ ከአፍንጫው እስከ ጭራው በብረት መቁረጫ ግራይንደር ተነስቷል። ጠርዙ እንኳ አልተሞረደም። ውስጡ በረዶ ተሞልቶ ለስላሳና ቢራ ተደርድሮበታል። አንድ የማላውቀው ሰውዬ ከበረዶው ውስጥ ጠርሙስ እየመዘዘ፣ እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ ዓይቶ እንደማያውቅ፣ የእሱም ልጅ ስትዳር ተውሶ እንደሚወስደው ይነግረኛል። ደሜ ፈላ።

ካያኩን ለአባቴ የሰጠው እዚህ የውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር የነበረ ፈረንጅ ነው። አባቴ ጄኔሬተሩን እየጠገነለት ተዋደዱና፣ ሰውዬው አገሩ ሲገባ ትቶለት ሄደ። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብን። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ በሆነበት ከተማ ጀልባ! አባቴ ግን ከመልካ ጀብዱ አለፍ ብሎ፣ ለመንገድ ሥራ አፈር ሲዛቅበት የቀረ ጉድጓድ ክረምት ክረምት ጎርፍ እየሞላው ኩሬ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ከሐይቅ ዳር ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩት በጀሪካን አስመጥቶ ጨመረበት። አምባዛ የሚባለው ትልቁ ዓሣ ግን ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቅ፤ እሱ ራሱ መጣ።

መስከረም ሲጠባ ጎርፉ ይቆማል፣ ጭቃው ይዘቅጣል፣ ውሃው ይጠራል። ያኔ ነው ወቅቱ። ካያኩን ባጃጅ ላይ አስረን፣ ሕፃናት እየተከተሉን እንሄዳለን። እኔ ከኋላ እቀዝፋለሁ፣ አባቴ ከፊት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ይዞ ይቀመጣል። ማጥመጃው ከሻይ ማንኪያ የተሠራ ነው፤ እጀታውን ቆርጦ፣ ማንኪያውን ሞርዶ፣ ጫፍና ጫፉን በስቶ መንጠቆ ያንጠለጥልበታል። ከሣሩ ጠርዝ አጠገብ ወርውሮ ቀስ አድርጎ ሲስበው ማንኪያው እንደታመመ ትንሽ ዓሣ ይንገዳገዳል፤ አምባዛው ከተደበቀበት ወጥቶ ይውጠዋል። መቅዘፊያዬ ትንሽ ከተንቦጫረቀ ዘወር ብሎ ያየኛል፣ አይናገርም። በሕይወቴ አፌን ዘግቼ የተቀመጥኩት እዚያ ካያክ ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ አባቴን ስትሮክ መታው። ግራ እግሩ ቀረ። በከዘራ ግቢውን ይዞራል፣ ከደጅ አያልፍም። ኩሬው ዳር ቆሞ ማጥመድ አይችልም፤ ጭቃው ጤነኛውንም ይጥላል። ካያክ ላይ ግን እግር ሥራ የለውም። አንዴ ከተቀመጠ በኋላ የድሮው አባቴ ነው፤ ወርውሮ የፈለገበት ቦታ ያሳርፋል፣ ዓሣ ሲይዝ ትከሻው ይስቃል። ዓመቱን ሙሉ ያችን ጠዋት ነው የሚጠብቀው። ወይም እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። በማግስቱ፣ እሁድ፣ ልንሄድ ተነጋግረን ነበር። ማንኪያዎቹን ሞርጄ፣ ባጃጁን አናግሬ ጨርሻለሁ። ላዩ የሌለው ካያክ ደግሞ ወገቡ እንደተሰበረ ነው፤ ሁለት ሰው ሲቀመጥበት ይታጠፋል፣ ውሃ ይጠጣል። አለቀለት ማለት ነው።

ወንድሜን ሙዚቃው አጠገብ አገኘሁት። ሰው አለ የለም አላልኩም።

“የአባትህን እግር ቆርጠህ በረዶ ሞላህበት!” አልኩት።

ሙዚቃውን ማን እንደቀነሰው አላውቅም። የሙሽራው ወገኖች ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። ሚስቱ ነጠላዬን ጎተተችኝ፤ ነጠላውን ለቀቅኩላትና ቀጠልኩ። ከልጅነቱ ጀምሮ ውሃ እንደሚፈራ፣ አባታችንን ከእኔ ጋር ሲስቅ ሲያይ ዓይኑ እንደሚቀላ፣ አንድ ቀን እንኳ ኩሬው ድረስ እንዳልሸኘን፣ ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። ካያኩን የቆረጠው ብየዳ ሠሪ ጎረቤታችን ሳህኑን አስቀምጦ በአጥሩ በኩል ውልቅ አለ። ወንድሜ የጠርሙስ መክፈቻውን በእጁ እያገላበጠ ሰማኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ሽማግሌዎቹ ወደተቀመጡበት፣ ወደ አባታችን አየት አደረገ።

“ልክ ነሽ” አለኝ። “አሁን ግን እንግዳ አለብኝ።”

ተናደህ የምትጮህበት ሰው ልክ ነህ ሲልህ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ምግብ ሳልቀምስ ጓዳ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ለአባቴ ነገ የለም ብዬ እንዴት እንደምነግረው ሳሰላስል ዋልኩ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

እንግዳው ተሸኝቶ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አባቴ አስጠራኝ። በረንዳው ላይ ነበር፣ ጋቢውን ጭኑ ላይ አጥፎ። አጠገቡ እንድቀመጥ በአገጩ አሳየኝ። አልተቀመጥኩም።

“ወንድምሽን ተይው” አለ። “ቁረጥ ያልኩት እኔ ነኝ።”

ቀልድ መሰለኝ። አልነበረም። ወንድሜ የሚከራይ በርሜል አጥቶ ሲንከራተት፣ አባቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካያክ በከዘራው አሳይቶ ውሰደው ብሎታል። ወንድሜ እምቢ ብሎ ነበር፤ እሷ ትገድለኛለች ብሏል፣ ይህችን እንኳ አልተሳሳተም። አባቴ ግን ተቆጥቶ እሺ አሰኝቶታል፤ ለእኔ ትንፍሽ እንዳይል በእናታችን ነፍስ አስምሎታል። እሱም ሆድ ይፍጀው ብሎ፣ ያን ሁሉ ስድብ በገዛ ልጁ መልስ ላይ ተሸከመ።

ለምን እንደሆነ አባቴ ሲነግረኝ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ ነው። ባለፈው መስከረም ከካያኩ ላይ ስናወርደው፣ እኔ በአንድ በኩል፣ ከብቶቹን ሊያጠጣ የመጣ ሶማሌ እረኛ በሌላው በኩል ይዘነው ነበር። ጎልማሳ ሰው ነው፣ አባቴን “አዴር” እያለ፣ እንደ አጎቱ እያከበረ ነው የሚያነሳው። አዳለጠንና ሦስታችንም ጭቃ ውስጥ ተዘረጋን። የአባቴ ሱሪ ከጉልበቱ በታች ወረደ። እኔ ያን ቀን የማስታውሰው በሳቅ ነው፤ መሥሪያ ቤቴ ከባልደረቦቼ ጋር እንኳ እየተሳሳቅን አውርተነዋል። አባቴ የሚያስታውሰው ሌላ ነው። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ነበሩ፤ አንዷም አልሳቀችም። አንዷ አሮጊት ግን አክብራው ፊቷን አዞረች። ቢስቁብኝ እኔም እስቅ ነበር አለኝ። ያቺ ፊቷን ያዞረችው ናት ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳችው።

እና ጮህኩበት። በአባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም፣ ያን ቀን ጮህኩበት። ዓመት ሙሉ ማንኪያ ስሞርድ እያየ ዝም ማለቱን፣ እሁድ እንሄዳለን ስለው እሺ ማለቱን፣ ወንድሜን በሰው ፊት ማሰደቡን፣ እኔን በሰው ፊት እብድ ማስመሰሉን አንድ በአንድ ቆጠርኩለት።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ብነግርሽ ትሸከሚኛለሽ” አለ።

እሸከመው ነበራ! ምን ይላል ይህ ሰውዬ! አሁንም ሳስበው የሚይዘኝ ንዴት ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ግቢው ውስጥ ወንድሜ የሰርግ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ የቀለጠውን በረዶ ለማፍሰስ ካያኩን በአንድ ጎኑ ያዘነብላል። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ምስጢር ጠብቆ በመቶ ሰው ፊት ለጉድ ላሰጣኝ ሰው ደግሞ ይቅርታ! ሄጄ ግን በሌላው ጫፍ ያዝኩለት። ውሃው በግቢው አሸዋ ላይ ፈሰሰና እስከ በረንዳው ደረጃ ደረሰ። አባቴ ውሃውን በዓይኑ ተከተለው፤ የጫማውን ጫፍ እስኪነካ ድረስ እግሩን አላሸሸም።

“ዘንድሮ ኩሬው ሞልቷል?” አለ።

“ሄደህ እየው” አልኩት።

አባቴ ከወንበሩ ሥር በእጁ ዳበሰ።

“ከዘራዬ የት ነው ያለው?” አለኝ።