ያልተላከው ብልቃጥ

ይህ የገጠመኝ ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እዚሁ መካነ ሰላም፣ በወረዳው አዳራሽ ነው። የማልረሳው ሰው ፊት ስላፈርሁ አይደለም። የልጅ ልጄ ሐያት ያን ቀን ዞር ብላ ያየችኝ ዓይን አልለቅሽ ስላለኝ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ልጄ ዘይነባ ከጅዳ ስትመለስ ጡቷ ላይ እብጠት ይዛ መጣች። አሠሪዎቿ እንዳያባርሯት ፈርታ ሁለት ዓመት ደብቃዋለች። ደሴ ወሰድኋትና ጡቷ ተቆረጠ። ሐኪሙ ከተቆረጠው ላይ ትንሽ ሥጋ ፈሳሽ በሞላው ብልቃጥ አድርጎ ሰጠኝ።

"እናቴ፣ ይህን ከወረቀቱ ጋር አዲስ አበባ አድርሱት። የበሽታውን ዓይነት መርምረው ይነግሩናል" አለኝ። ያኔ ናሙናውን የሚያደርሰው ቤተሰብ ነበር።

"ሲጨርሱ ይመልሱልኛል?"

"አይ፣ እዚያው ይቀራል።"

በእኛ አገር ከሰው የተቆረጠ እጅም ይሁን እግር ይቀበራል እንጂ አይጣልም። እኔ ደግሞ የሰፈራችን ሴቶች ቅሬ፣ ማለት የቀብር ማኅበራችን፣ ዳኛ ነኝ። የስንቱን ሰው ከፈን በእጄ አዘጋጅቻለሁ። የልጄ አካል የማላውቀው መደርደሪያ ላይ ሊቀር? ወላሂ አይሆንም አልሁ። ብልቃጡን ይዤ ወደ አገሬ ተመለስሁ። ሥጋውን በነጭ አቡጀዲ ጠቅልዬ፣ ብቻዬን ሄጄ፣ ከአባቴ ቀብር አጠገብ ቀበርሁት።

ዘይነባ "እማ፣ ተላከ?" አለችኝ። "ተልኳል" አልኋት።

ከዚያ ወዲያ የደሴ አውቶቡስ በገባ ቁጥር "እማ፣ መልስ አልመጣም?" ትለኛለች። "አዲስ አበባ ሥራ ይበዛባቸዋል" እላታለሁ። በስምንተኛው ወር ሞተች። ልጇ ሐያት ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሙያዎች ለአገሪቱ አንድ ቤት ለማቋቋም አስበው ነበር። የካንሰር ሕሙማን ደምና ቁራጭ ሥጋ ለምርምር የሚቀመጥበት ቤት ነው፤ ባዮባንክ ይሉታል። ዕቅዱን ሳይጨርሱ የሕዝቡን ሐሳብ እንስማ ብለው የቅሬ ዳኞችንና የሃይማኖት አባቶችን ጠሩ። ሐያትንም ይዣት ገባሁ።

እጄን አወጣሁ። "ባንክ ካላችሁት፣ ያስቀመጠው ሰው ሲፈልግ ያወጣል ወይ? ወይስ ሥጋውን ከእኛ ወስዳችሁ መልሱን እዚያው ልታስቀሩት ነው?"

አዳራሹ ሳቀ። የጎረቤት ቅሬ ዳኛ ይማም "ዶክተር፣ ተጠንቀቁ! ይች ሴት ጥፍር እንኳ ብትጎድል ትጠይቃችኋለች!" አለ።

"አንተ ዝም በል! ያንተን ማንም አይፈልገው!" አልሁት።

ከአዲስ አበባ ከመጡት አንዷ፣ ሐኪሟ፣ ግን አልሳቀችም። "ልክ ነዎት እናቴ። የመጣነው ለዚሁ ነው። እኛ ሳንደብቅ ልንነግራችሁ፣ እናንተም ሳትደብቁ እንድትነግሩን።"

"እንግዲያ ውል ሆኖ ይጻፋ!"

"ይጻፋል።"

ኮራ ብዬ ተቀመጥሁ።

ያኔ ሐያት ተነሣች። "እናቴ የሞተችው በጡት ካንሰር ነው። ሥጋዋ ለምርመራ አዲስ አበባ ተልኮ ነበር። በሽታው ወደ እኔ ይመጣ እንደሆነ ከዚያ ማወቅ ይቻላል?"

"እርግጠኛ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም" አለች ሐኪሟ። "ግን የድሮ ናሙና በሰም ተይዞ ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ከተገኘ ይረዳን ይሆናል። የእናትሽን ስም ንገሪኝ፤ ራሴ እፈልግልሻለሁ።"

የሐያት ፊት በራ። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ሲበራ አላየሁም።

ሐኪሟ ስሙን መጻፍ ስትጀምር ተነሣሁ።

"አትፈልጊው፣ የኔ ልጅ። አልተላከም። እኔ ቀብሬዋለሁ።"

ሐያት ዞር ብላ አየችኝ። "እማማ፣ ተልኳል ብለሽ አልነበር? እናቴ እኮ መልሱን ስትጠብቅ ነው የሞተችው።"



ወደ ቤት ስንመለስ ጥላኝ ቀድማ ሄደች። በማግስቱ ግን "ቦታውን አሳዪኝ" አለች። ወሰድኋት። ያኔ ሰው እንዳያይብኝ ብዬ ምልክት አላኖርሁበትም፤ ሣሩም ሸፍኖታል። ከአባቴ ቀብር ድንጋይ ወዲህ ይሁን ወዲያ መለየት አቃተኝ። እንዳይጠፋ ብዬ የቀበርሁት እኔው ራሴ ላይ ጠፋ። ሐያት ሣሩን በእጇ ስትዳብስ ቆይታ፣ ዱዓ አድርጋ ተነሣች።

መልሱ ቢመጣ ኖሮ ልጄ ትድን እንደነበር አላውቅም። ሐኪም ጠይቄም አላውቅም፤ እፈራለሁ። ያ ቤት ተቋቁሞ እንደሆነም አልሰማሁም።

ሐያት ደሴ እየሄደች ትመረመራለች። እስካሁን ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ሁልጊዜ አብሬያት እሄዳለሁ፤ ቦርሳዋንም ምሳችንንም እኔ ነኝ የምይዘው። የምርመራውን ወረቀት ግን አትሰጠኝም። እውነቷን ነው።