የእማዬ ከንፈር

በሥልጠናው ክፍል ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ "ቀዥቃዣዋ" ነው የሚሏት። እሷም አትቀየምም፣ እውነት ነዋ! ሌላው ሰልጣኝ ወንበሩን ሳይስብ እሷ ሽርጧን አስራ፣ ብሩሿን አጥባ፣ መብራቷን ወደ ጠረጴዛው አዘንብላ ትጠብቃለች። ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ስትጠርዝ የኖረች ሴት ናት፤ የተቀደደ ወረቀት ካየች እጇ አያርፍም። የተጎዳ ሥዕልና ካርታ እንዴት እንደሚታከም የሚያስተምር ቦታ መኖሩን የሰማች ዕለት እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም። ገባች፣ የመጀመሪያውን ደረጃ ጨረሰች። ለከፍተኛው ሥልጠና "አንቺማ ነይ" ስትባል ደስታዋን አትጠይቁኝ፤ የሕንፃውን ደረጃ እየዘለለች ነው የወረደችው።

የሥልጠናው ማጠቃለያ ግን ቀልድ አይደለም። እያንዳንዱ ሰልጣኝ ከቤቱ የተጎዳ ሥዕል አምጥቶ መምህርቷ ፊት ያድናል። ካዳነ ከእንግዲህ የሰው ሥዕል በእጁ ይሰጠዋል፤ ካበላሸ ደግሞ በቃ፣ ወደ ድሮ ሥራው። እሷ ያመጣችው አባቷ እናቷን የሳለበትን ወረቀት ነው። አባትየው ነፍሱን ይማረውና ሱቅ ለሱቅ እየዞረ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚጽፍ ሰው ነበር። ሰሌዳዎቹን ፀሐይና ዝናብ በሏቸው፤ ከእጁ ሥራ የቀረው ይሄ ብቻ ነው። ሥዕሉ በእርሳስ ነው፣ የቀሚሱ አንገትጌና ከንፈሩ ብቻ ቀይ ናቸው። አንድ ቀን ከግድግዳ ወድቆ ሲቀደድ ታላቅ ወንድሟ፣ እጁ ይባረክና፣ ከአገጩ እስከ ከንፈሩ ጥግ ስኮች ለጠፈበት። ስኮቹ ሲከርም ሻይ የተደፋበት መሰለ።

"ዛሬ አለቀልህ!" አለችው ስኮቹን።

ሙከራዋንማ ሠርታለች። የስኮች ሙጫ በሚያሟሟው አሴቶን ጥጥ ነክራ እርሳሱን ነካች፤ ንቅንቅ የለም። የአንገትጌውን ቀይ ነካች፤ እሱም ንቅንቅ የለም። የከንፈሩም ያው ቀይ ነው፣ ምን ልዩነት አለው ብላ አለፈችው። አይ መቸኮል! ጥጧን ይዛ ወደ ከንፈሩ ጎንበስ እንዳለች መምህርቷ ከኋላዋ ደረሱ። እሳቸው ዘንድ አንድ ሕግ አለ፤ ወረቀት ከመነካቱ በፊት አብሮት የኖረ ሰው ይጠየቃል።

"ማንን ጠየቅሽ?"

"እንዴ፣ ማንን ልጠይቅ? እናቴ እኮ ናት! እኔስ ከሥሩ አይደል ያደግኩት?"

"እናትሽ በሕይወት አሉ?"

"አለች፣ ደህና ናት።"

"እንግዲያው ጥጡን አስቀምጪና ጥሪያቸው።"

ቅር እያላት ደወለች። እናትየው ሠርግ የተጠራች ይመስል ዘንጣ፣ ከንፈሯን ቀብታ ከተፍ አለች። ገና ከበሩ አፍንጫዋን ያዘች።

"ምንድነው የሚሸተኝ? አሴቶን?"

"አዎ እማዬ፣ ስኮቹን ላነሳበት ነው።"

"ከእኔ ከንፈር ላይ? ኧረ በፈጠረሽ! ሊፕስቲኬን ሙልጭ አድርጎ ሊወስደው?"

ልጅ ክው አለች። "የምን ሊፕስቲክ?"

እናትየው ወንበር ሳበች፤ ወግ ስታወራ ቆማ አይሆንላትም። "አባትሽ ሲስለኝ ዓይኔንም አፍንጫዬንም ጨረሰና ከንፈሬን ባዶ ተወው። 'ምነው፣ ያለ አፍ ልታስቀረኝ ነው?' አልኩት። 'የሱን ቀለም እኔ አልችልበትም፣ አንቺው ቅቢው' አለኝ። ከቦርሳዬ አወጣሁና በጣቴ ቀባሁት። ሲስቅ፣ ሲስቅ፣ ከወንበሩ ሊወድቅ!"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መች ጠየቅሽኝ?"

አጉሊ መነጽሩን አስጠግታ የከንፈሩን ጠርዝ የመርፌ ጫፍ በምታክል፣ አሴቶን በነካች ጥጥ ሞከረችው። ገና ነካ ከማድረጓ ጥጡ ቀላ። ሥዕሉ ለካ የሁለቱም ነው፤ እናቷ በቁሟ እያለች ድርሻዋን ልትጠርገው ነበር።

"እንተወው እንዴ?" አሉ መምህርቷ።

"ኧረ ስኮቹማ ይነሳል!" ዓይኗ እንደገና በራ። "አሴቶኑን ውሰዱልኝ፣ ብረቷን ስጡኝ!"

ጫፏ የሚሞቅ ቀጭን ብረት ናት። ከአገጩ ጀምራ ስኮቹን እያሞቀች፣ እያላላች ወጣች። ከንፈሩ ጋ ስትደርስ ብረቷንም አስቀመጠች፤ ሊፕስቲክ ሙቀትም አይወድም። የቀረችውን ቁራጭ በቀዝቃዛ ስለት፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ጥቂት በጥቂቱ ፈለቀቀቻት። ቀዥቃዣዋ እንዲህ መዘግየት እንደምትችል ክፍሉ አያውቅም ነበር። ቁራጯ ተነሳች። ግን የከንፈሩን ጥግ፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል ቀይ፣ ይዛ ሄደች።

"ወይኔ!" አለች ልጅ።

"ምን ወይኔ ያስብላል?" እናትየው ቦርሳዋን ከፍታ ሊፕስቲኳን አወጣች። "ቀለሙን እስከ ዛሬ አልቀየርኩም። ዞር በይ፣ ልሙላው።"

ልጅ የእናቷን እጅ ያዘች። "አይሆንም እማዬ። ከእንግዲህ አንቺም እኔም አንነካውም።"

"ታዲያ እንዲህ ጎዶሎ ሊቀር?"

"ጎዶሎ አይደለም። ነይ እዪው፣ እሱ የተወልሽ ቦታ ነው።"

እናትየው አጉሊ መነጽሩ ላይ ጎንበስ አለች። ቀዩ በተነሳበት የእርሳስ ጭረት የሚባል የለም፤ ንጹሕ ወረቀት ነው።

መምህርቷ ለልጅቷ በቀስታ፣ "መተውንም አወቅሽበት፤ ከነገ ጀምሮ የሰው ሥዕል ትረከቢያለሽ" አሏት። መዝለል አማራት፤ ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ ብላ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች።

እናትየው ይህን አልሰማችም። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"ውይ፣ እውነትም ባዶ ነበር" አለች። "እኔ እኮ ብቻዬን ስቀር፣ ከናፍቆት የፈጠርኩት ወግ ይመስለኝ ጀምሮ ነበር።"