ለሐኪሙ ያልተረጎምኩት

ስደተኛ ሁሉ «በሌሊት ወጣሁ» ይላል። እኔና አባቴ ግን ከቡሬ የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን ነው። «ለአርበኛ ጥይት ያቀብላል» ብሎ አንድ ባንዳ ስሜን ለጣልያን ሰጥቶብኝ ኖሮ፣ ጀንበር እስክትጠልቅ የምጠብቅበት ፋታ አልነበረኝም። በእኔ ፋንታ እንዳይያዙ አባቴን በቅሎ ላይ አውጥቼ ወደ ጅጋ እንደሚመለስ ነጋዴ ዘና ብዬ በገበያተኛው መሐል አለፍኩ። እናቴ ስንወጣ ደጃፍ ላይ ቆመው «አደራህን፣ አባትህን በእግራቸው አቁመህ መልስልኝ» አሉኝ።

በኮርቻው ከረጢት ውስጥ አንዲት የክኒን ቆርቆሮ ነበረች። የአውሮፕላን ቦምብ የአባቴን ዳሌ ሲሰብረው የጣልያን ሕክምና ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ታላቅ ወንድሜን የገደለው ጠላት አባቴን እንዲያክምልኝ በር ላይ ቆሜ ለመንኩ። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። ሕመም የሚያስታግስ ሞርፊን ሰጧቸው፤ አጥንቱ ገጠመ፣ ክኒኑ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልቀረም።

የቆላውን በረሃ አቋርጠን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባን። እዚያ ኪስራ የሚሉት የማሽላ ቂጣ አለ፤ እንጀራ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ጎረስኩ፣ አይደለም። ባምያ የሚሉት ወጥማ አፍ ሳይደርስ ከጣት ያመልጣል። ስለ ሙቀቱ ባልነግራችሁ ይሻላል፤ የቡሬን ዝናብ በሕልሜ እሰማው ነበር።

«ሥራቸው?» አለኝ ስደተኛ የሚመዘግበው ጸሐፊ።

«ባለርስት ናቸው» አልኩ፣ በንግድ በለቀምኳት ዐረብኛ።

«መሬቱ የታለ?»

«አገር ቤት።»

«እንግዲያው ሥራ ፈት» ብሎ ጻፈ።

አባቴ «ምን አለ?» ሲሉኝ «እንኳን ደህና መጡ አለ» አልኳቸው። ትርጁማንነቴ የተበላሸው ያኔውኑ ነው።

ሐኪሙ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ሱዳናዊ ነበር። ቆርቆሮዋን አይቶ «ይህ ባንዴ አይቋረጥም» አለ። «በቀን ከሚወስዷቸው ከአራቱ ግማሽ ክኒን እንቀንስና እንቆያለን። ሰውነታቸው ሲለምደው ደግሞ ግማሽ። አንተ በየሳምንቱ እንቅልፋቸውን፣ ላባቸውን፣ ሕመማቸውን ትነግረኛለህ። ከከበዳቸው እዚያው እንቆማለን።»

አባቴ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «ጾም በግማሽ ይጾማል እንዴ? የሚተው ከሆነ ይተው!» እውነት ለመናገር በልቤ ተስማማሁ፤ ሑዳዴን በውኃ የሚገፋ ሰው ለክኒን ይንበረከካል ብዬ አላሰብኩም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደህና አለፉ። ሁለት ክኒን ላይ ስንደርስ እንቅልፍ እምቢ አላቸው። አፍንጫቸው ይፈሳል፣ ሆዳቸው ይቆርጣቸዋል፣ በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ ይላቸዋል። ሐኪሙ «እንዴት ሰነበቱ?» ሲል ግን መልሳቸው ያው ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን።» ወደ እኔም ዘወር ብለው «ገበናዬን ለባዕድ እንዳታወጣ» ይሉኛል። ከኋላችን ደግሞ የአገራችን ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ዐረብኛ የሚሰማ አይጠፋም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው «ደህና ናቸው» አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ደህና ናቸው» አልኩ። ሐኪሙም አምኖኝ ይቀንሳል።

አንድ ጧት ከመኝታቸው አጣኋቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የምሥራቁን መንገድ ይዘው፣ እግራቸውን እየጎተቱ ሲሄዱ ደረስኩባቸው።

«ወዴት ነው አባዬ?»

«ቡሬ።»

«ቡሬኮ ጣልያን አለ!»

«አውቃለሁ። እሱ ይሰጠኛል» አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ልጃቸውን የገደለባቸውን ሰው ደጅ እንዲመኙ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ፤ ክኒኑ አይደለም። አዝዬያቸው ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የደበቅሁትን ዘረገፍኩት።

«እኔ እኮ መጠኑን በአንተ አንደበት ነበር የምለካው» አለ ሐኪሙ። በእሳቸው አልተቆጣም። መጠኑን ደህና ወደነበሩበት መልሶ አንድ ወር አቆየን፤ ከዚያ በሩብ በሩብ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ አባቴ «ሁለት ሌሊት አልተኛሁም በለው። እንደ ሕፃን አለቀስኩ በለው» ይሉኛል። ቃል በቃል እተረጉማለሁ፤ አንገቴ ግን ይግላል።

ዓመት አለፈ። ጣልያን ቡሬን ለቀቀ፤ ስደተኛው እየዘፈነ ወደ አገሩ ተመመ። አባቴ ገና በቀን አንድ ክኒን ይቀራቸዋል፣ ወራት ይፈጃል ተብሏል፤ ቡሬ ደግሞ የሚሰጣቸው የለም። ከእናቴ መልእክት ይዞ የመጣ ጎረቤታችን ለመመለስ በቅሎውን ጭኖ «እርሻው ጦም አድሯል፣ ምን ይጠብቃሉ ብለውሃል። ምን ልበላቸው?» አለኝ።

«ዳሌያቸው ገና አልጠናም በላቸው» አልኩት።

አባቴ ያን ዕለት ጧት ያለ ምርኩዝ ጉድጓዱ ድረስ ሄደው ውኃ ይዘው ተመልሰው ነበር።

«ዳሌዬስ ድኗል» አሉ ከተቀመጡበት። «መድኃኒት ይዞኛል። በጥቂት በጥቂት እየተውኩት ነው፤ ስጨርስ እመጣለሁ በልልኝ።»

ሰውየው እውነት ነው ወይ እንደሚል ወደ እኔ ዞረ። እኔ የበቅሎውን መጫኛ ማጥበቅ ጀመርኩ። ቀድሞውኑ ጠብቆ ነበር።