ጠዋት ጠዋት የሚዘጋው የዳንግላ መስመር

ሐሙስ ጠዋት፣ ዘንገና

ስልኩ ሲጮህ ድንች እየቆፈርኩ ነበር። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ሳነሣው ልጄ ማስተዋል ናት። «እማዬ፣ አትደንግጪ» አለች። እናት አትደንግጪ ስትባል ምን እንደምትሆን የወለደ ያውቀዋል።

ማስተዋል ዳንግላ ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ናት፤ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘውን መስመር የምትጠብቅ እሷ ናት። «ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት መስመሩ እየተዘጋ ነው። ሆን ብለሽ የምትዘጊው አንቺ ነሽ አሉኝ። ነገ ካልተስተካከለ ለፖሊስ...» ስትል የስልኬ ባትሪ አልቆ ድርግም አለ።

ፖሊስ የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። መቆፈሪያዬን እዚያው ጥዬ ገባሁ። ላሞቹን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ፣ በሶና የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ቋጠርኩ።

«ሄደሽ ምን ልታደርጊላት ነው?» አለችኝ ጎረቤቴ።

«እኔ እንጃ። አጠገቧ ልቀመጥ።»

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ቆሰበር

እስከ አስፋልቱ በእግሬ፣ ከዚያ በመኪና ቆሰበር ገባሁ። ወረቀት ላይ እንጅባራ ይሉታል፤ እኛ ያደግንበትን ስም አንተውም። የጥቅምት ብርድ አልለቀቀም፤ መናኸሪያው ውስጥ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ቆሟል። የዳንግላው ሚኒባስ ሃያ አምስት ብር አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እከራከር ነበር።

ድሮ ይህን መንገድ ከባለቤቴ ጋር ስንሄድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ የተጫነውን ፈረስ ይስባል፣ እኔ ማስተዋልን አዝዬ ከኋላ እከተላለሁ። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን አዲስ ቅዳም አካባቢ ከቀርቀሃ ጥላ ሥር አረፍ ብለን ቆሎ እንቆረጥማለን። ፈረሱን «ና የኔ ጌታ፣ ትንሽ ናት የቀረችን» ብሎ ያባብለዋል፤ ለኔ ግን «ፍጠኚ» ብቻ ነው። ያኔ እናደድ ነበር። አሁን «ፍጠኚ» የሚለኝ ባገኝ!

ዛሬ ያንን ቀን ሙሉ የሚፈጅ መንገድ መኪናው በሰዓት ይጨርሰዋል። ገብስ ይዘራበት የነበረው ማሳ ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ሆኗል፤ ሰዉ ተክሎ፣ ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ ይሸጠዋል። ጆንያው መንገድ ዳር ተደርድሯል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮም የከሰል ነጋዴ ናት።

«እትዬ፣ ለቅሶ ነው የምትሄጂው?» አለችኝ።

«አይ፣ ልጄ ዘንድ ነው።»

«ታዲያ ፊትሽ ምነው ከኔ ከሰል ጠቆረ?»

ነገርኳት። አዳመጠችኝና «ልጅሽ የኔትወርክ ናት? እንግዲያው የኔንም ስልክ ውሰጅላት። አዲስ ቅዳም ላይ ጤነኛ ነው፣ ቤት ስንገባ ይሞታል። ልክ እንደ ባሌ!» አለች። መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። ስትወርድ ግን እጄን ጨብጣ «እግዜር ያውጣት» አለችኝ።

አምስት ሰዓት፣ ዳንግላ

ከመናኸሪያው ጋሪ ያዝኩ። ባጃጆቹን ዓይቼ ማመንታቴን ባለጋሪው አወቀብኝ። «እናቴ፣ ባጃጅ ነዳጅ ሲያልቅባት ትቆማለች። የኔዋ ሣር ስታይ ብቻ ነው የምትቆመው።» እውነቱን ነው፤ እስክንደርስ ሁለት ጊዜ ቆመች። እኔ በውስጤ እያለቀስኩ ፈረሷ ሣር ትግጣለች።

ልጄን ያገኘኋት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ መብራታቸው ብልጭ ብልጭ የሚል ሳጥኖች ተሰቅለዋል። ዓይኗ አብጧል። አቅፌ ከሳምኳት በኋላ «ዘግተሽው ነበር ወይ?» አልኳት፤ መጠየቄ እስካሁን ያሳፍረኛል።

«አልዘጋሁም እማዬ። ነይ ቁጭ በይ፣ ላስረዳሽ።»

እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም። እሷ እንዳስረዳችኝ እንዲህ ነው። ለሳጥኑ ትእዛዝ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ስክሪፕት ይሉታል። ሰዓቱ ሲደርስ ሰው ሳያዘው ተራ በተራ ይፈጽማል፤ መስመሩን ይዘጋል፣ ራሱን ያጸዳል፣ መልሶ ይከፍታል። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ሰው በሌለበት፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እንዲሠራ አድርጋ የጻፈችው ማስተዋል ናት። ታዲያ ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ ልክ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ባለጉዳይ ከየገጠሩ መጥቶ ሲሰለፍ፣ መስመሩ ይዘጋል።

«ትእዛዞቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው፤ ስሕተት የለባቸውም። ሳጥኑ የሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ይኸው፣ ሁለት ሰዓት ላይ ፈጸምኩ ይላል። ሳጥን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ የፈረንጅ ሁለት የኛ ሌሊት ስምንት ነው። ሌሊት ሠርቶ ጨርሷል ማለት ነው። ጠዋት የሚዘጋው ምን እንደሆነ ነው ያጣሁት።»

«ታዲያ ለምን ትእዛዙን ሰርዘሽ አታዪውም?»

«አለቃዬ የይለፍ ቃሌን ቀማኝ። ማየት እንጂ መንካት አልችልም።»

ስምንት ሰዓት፣ በረንዳው ላይ

ብትሠራበት ይሻላል ብዬ ወጣሁ። በረንዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ጋሽ አለኸኝ ይባላሉ፣ የመሥሪያ ቤቱን መብራትና ባትሪ የሚጠብቁ። ሰላም ሲሉኝ ድምፃቸውን አወቅሁት። ድሮ ስልክ ቤት ስም ይጠሩ የነበሩት ናቸው! ያኔ ወታደሩ ወንድሜ ይደውላል ተብሎ ከባለቤቴ ጋር መጥተን ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ እንጠብቃለን። «የዘንገና ሰዎች!» ሲሉ ከአግዳሚው ብድግ እላለሁ። መስመሩ ሲቋረጥ «አትሂዱ፣ እመልሰዋለሁ» ይሉናል። ይመልሱት ነበር።

ይህን ስነግራቸው ደስ አላቸው። የአገሬ ሰው መሆናቸውንም በንግግራቸው አወቅሁና ወደ አገው ቋንቋችን፣ ወደ አውኛ፣ ተሻገርን። በአውኛ ሲያወሩ የሃያ ዓመት ጎልማሳ ይሆናሉ። ዛሬስ ሥራው እንዴት ነው ብላቸው ኮራ ብለው ነገሩኝ።

«ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን መብራት ጠፍቶ ባትሪውም አለቀ። ልጅሽ መስክ ወጥታ ነበር። መብራቱ ሲመጣ ሳጥኑ ቀኑንም ሰዓቱንም ረስቶ ተነሣ። እኔ ነኝ የሞላሁለት! ቀኑን ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የፈረንጅ ካላንደር፣ ሰዓቱን ከእጄ ሰዓት። ማንንም አላስቸገርኩም።»

እኔ ምንም አልገባኝም። ለማስተዋል በሶ በጥብጬ ሳቀርብላት እንደ ጨዋታ «ጋሽ አለኸኝ እኮ ለሳጥንሽ ከእጃቸው ሰዓት ሞሉለት» አልኳት።

ጣሳው አፏ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«ከእጃቸው ሰዓት?» ዞራ የሳጥኑን ሰዓት ተመለከተች። «እማዬ፣ እዪው፣ ስምንት ከሩብ ይላል። በፈረንጅ ቢሆን አሥራ አራት ከሩብ ነበር ማለት ያለበት። ስንት ጊዜ ዓይቼዋለሁ! ከኔ ሰዓት ጋር ስለገጠመ ልክ መሰለኝ።» ከዚያ ለኔ በሚገባኝ መንገድ ነገረችኝ፤ ሳጥኑ ሁለት ሰዓት የሚለው የኛን የጠዋቱን ሁለት ነው። ሌሊት ሲጠብቁት እሱ ጠዋት ይነሣል።

በደስታ ልጮህ ስል ፊቷ መልሶ ጠቆረ። «ለአለቃዬ ብነግር ጋሽ አለኸኝን ያባርራቸዋል። ውላቸው በየዓመቱ ነው የሚታደሰው።»

እንግዲህ ይህን ለሽማግሌው የሚነግራቸው ማን ነው? ከአፋቸው ያወጣሁት እኔ፣ በአገራችን ቋንቋ። ወደ በረንዳው ተመለስኩ። በአውኛ ነገርኳቸው፤ ነውር በራስ ቋንቋ ሲነገር ይለሰልሳል። የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው አገላብጠው አዩት።

«ልጅቱን ሊያስሯት የነበረው በኔ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እና ምን ታስቀምጪኛለሽ፣ እታለም?» ብለው ኮታቸውን ቆልፈው ተነሡ፤ ማስተዋልን ጠርተን ሦስታችን አለቃው ቢሮ ገባን።

አለቃው ከታናሽ ወንድሜ የሚያንስ ሰው ነው። «ጥፋተኛው እኔ ነኝ» ሲሉት በንዴት ከወንበሩ ተነሣ። «ጋሽ አለኸኝ፣ የመሥሪያ ቤት ዕቃ በእጅ ሰዓት ይሞላል?» አለ። ከዚያ የራሱን ሰዓት አየ፤ ስምንት ከአርባ። የግድግዳውን አየ፤ ስምንት ከአርባ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምሞላው» አለ። ለማስተዋል ይቅርታ አላላትም፤ የይለፍ ቃሏን በወረቀት ጽፎ ሰጣት። «አስተካክዪው። ነገ ሁለት ሰዓት አብረን እናያለን።»

ዓርብ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ጠባቡ ክፍል ውስጥ አራታችን ቆመናል። ጋሽ አለኸኝ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ማስተዋል የሳጥኑን ሰዓት አስተካክላለች፤ በሩ ላይም በትልልቁ «የቀን ሰዓት ሲሞላ ስድስት ይደመር» ብላ ለጥፋለች። ሁለት ሆነ። መብራቶቹ ብልጭ ይላሉ። ሁለት ከአምስት። ከውጭ በመስኮቱ በኩል ባለጉዳይ ሲስተናገድ ይሰማል፤ «ቀጣይ!» ይላል ጸሐፊው። ሁለት ከሩብ ሲሆን አለቃው ከኪሱ ለፖሊስ የጻፈውን ደብዳቤ አውጥቶ ቀደደው። «ወደ ሥራችሁ» አለ።

ጋሽ አለኸኝ እስከ በሩ ሸኙኝ። «የእኔንም ጉዳይ ዝም ብሎ አለፈው» አሉኝ በአውኛ። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ዘንገና

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። መስኮቱ ዳር ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ አዲስ ቅዳምንም አላየሁት። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው። ስለ ሳጥንም ስለ ስክሪፕትም አዋቂ አልሆንኩም። ሰው የሠራውን ሥራ ሲያወራ ግን እስከ መጨረሻው መስማት እንዳለብኝ አውቄያለሁ፤ ሲኮራበትም ጭምር።

አሁን ቤቴ ገብቻለሁ። ልጄ አልታሰረችም፣ ሥራዋ ላይ ናት። እኔም ደህና ነኝ። ፍርሃቴ ለቆኛል።