ማድ ቤቱን ያጣመመው ዛፍ

ፖም እጄ ሲገባ መጀመሪያ አሸተዋለሁ። ባጃጅ ተራው አጠገብ ያለችው ፍራፍሬ ሻጭ ባየችኝ ቁጥር «ሽቶ መሰለሽ እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ሽታው የት እንደሚወስደኝ በምን ታውቃለች!

የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከስማዳ ቆላ ተነሥተን ንፋስ መውጫ ቤት ገዛን። ወሩ ጥር ነበር፤ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ጓሮው ውስጥ ቅጠል የሚባል ያልነበረው አንድ ግራጫ ዛፍ ቆሟል። አባቴ ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ «ደርቋል። ቆርጬ እዚሁ ላይ ማድ ቤት እሠራልሻለሁ» አላት እናቴን። እናቴ ቅርፊቱን በጥፍሯ ፋቅ ብታደርገው ከሥሩ አረንጓዴ ነው።

«ነፍስ አለው! እኔስ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለሁም? ብርዱ ሲያጠወልገኝ እኔንም ልትቆርጠኝ ነው?»

አባቴ ክረምት እስኪገባ ድረስ ታገሠው።

የካቲት ላይ ነጭ አበባ አፈነዳ። አንዷ ጎረቤት ኮክ ነው አለች፣ ሌላዋ ደግሞ መርዝ እንዳይሆን ልጆቹን ጠብቂ ብላ አስፈራራችን። ፍሬው ቢንዠረገግም የሚደፍረው ጠፋ። እናቴ በረንዳ ላይ ዓይኗ በጭስ እየቀላ ታበስል ነበር።

ሰኔ ሲገባ ፍሬው ቀላ፤ አባቴም ምሳሩን ሳለ። «ዝናቡ መጣ። ስሙን ለማላውቀው ዛፍ ብዬ እናትሽን ደጅ ላስቀምጣት?» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው። በማግስቱ አንዷን ፍሬ በደብተር ቦርሳዬ ደብቄ ለመምህራችን አሳየሁት። አሸተተና ሳቀ። «የማንን ጓሮ ዘርፈሽ ነው? ፖም እኮ ነው!»

በካፊያው ውስጥ እየሮጥኩ ቤት ስደርስ፣ ወር በገባ ቁጥር ጸበል ሊረጩልን የሚመጡት የንስሐ አባታችን ዛፉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ላይ አንድ ቀይ ፍሬ አለ።

«የጾሙ ሰዓትም አልፏል። እኔ ዕድሜዬን ጠግቤያለሁ፤ ብሞትም ጸበሉ አጠገቤ ነው» አሉና አማትበው ገመጡት።

ደጋግመው አኘኩ። እናቴ ፊቷ አመድ መሰለ።

«አባ፣ ምን ተሰማዎት?»

«ገና አልለየሁትም ልጄ። እስቲ አንድ ጨምሪልኝ።»

ሳቃችን ሳይበርድ «ፖም ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ቄሱ ማኘካቸውን አቆሙ።

«በግእዙ ኮል የምንለው? አርባ ዓመት ስሙን ሳዜም ኖሬ ጣዕሙን ዛሬ አወቅሁት!» ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ሁለተኛውን ግን አልመለሱም።

አባቴ ምሳሩን አልጋ ሥር ከተተው። ማድ ቤቱ ዛፉን ሸሽቶ፣ አንድ ግድግዳው ጠምሞ ተሠራ። ሰው በጠማማው ግድግዳ ሲስቅ እናቴ «እንግዳ ስላለን ጠጋ ብለን ነው» ትል ነበር። ያቺ መልሷ እስካሁን ታስቀኛለች።

እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። በዚያ ማድ ቤት አሁን እሳት አይነድም። አባቴ ግን ሰኔ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የቀላውን ፖም በጋቢው ጫፍ ጠርጎ የማድ ቤቱ መስኮት ላይ ያስቀምጥላታል።